ከድምሩ የጎደለው፤ ከአሰላ እስከ አርዲቦ ሐይቅ

ይህን የምጽፈው ወሎን ላላዩና ምናልባትም ለማያዩ የአሰላ ጎረቤቶቼ ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ በየመንገዱ እያስቆሙ "ልጅህን ለምን ጥለኸው መጣህ?" ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ቆሜ ከማስረዳ አንድ ጊዜ ጽፌ ማስቀመጡ ይሻላል።

ልጄ ዳዊት ደሴ ተምሮ እዚያው ቀርቷል። ለውጡ በመጣ ሰሞን እንደ እኩዮቹ ሁሉ ትልቅ ነገር ይጠብቅ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጦርነቱ ከአካባቢው ሲርቅ፣ ሰይድ ከሚባል ከአረብ አገር የተመለሰ የሐይቅ ልጅ ጋር ሆኖ የፀሐይ ሴሎችን እየገጣጠመ ፓኔል መሥራት ጀመረ። ሰይድ አረብ አገር የፓኔል ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል። ሁለቱ በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ላለ አንድ መንደር ሦስት ፓኔል ሠርተው ለመንደሩ ሦስት ሰፈሮች ለእያንዳንዳቸው ውሃ ሊስቡ ቃል ገቡ። የመንደሩ የናፍጣ ፓምፕ በጦርነቱ ጊዜ ተወስዷል። የሽንኩርቱ ችግኝ ደርሶ ውሃ እየጠበቀ ነበር።

አንድ ቀን ዳዊት ደውሎ "አባባ፣ የመጀመሪያው ፓኔል አነሰ" አለኝ።

"ከምን አነሰ?"

"ከድምሩ። ሴሎቹን አንድ በአንድ ለክተን ደምረን ነበር። ሲገጣጠሙ ግን ከድምሩ በታች ሆነ። ሲገጣጠም ይቀንሳል።"

እኔ ሬዲዮና ዲናሞ እየፈታሁ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በሁለት ባልዲ የተቀዳ ውሃ በርሜል ውስጥ ሲገለበጥ የሚቀንሰው ወይ በርሜሉ ሲያፈስ ነው፣ ወይ በመንገድ ላይ የጠጣ ሰው ሲኖር ነው። ስለዚህ ከሁለት አንዱ ነው አልኩ፤ ሰይድ የተባለው ልጅ ደህናውን ሴል ለራሱ ወስዷል፣ ወይም ልጄ ያልሠራውን ሠራሁ እያለ ነው። ሁለቱም ከቤቴ የወጣ ልጅ ሊቆምበት የሚገባ ቦታ አይደለም። ትልቁን ሻንጣ ባዶውን ይዤ ተነሳሁ። ሻንጣው ለልብሱ ነው፤ ልጄን ይዤው ልመለስ።

ሰኞ

ከአሰላ በጠዋት ወጥቼ በአዳማ በኩል አዲስ አበባ ገባሁ። ይህን መንገድ ሁላችሁም ስለምታውቁት አላወራበትም። አውቶቡስ ተራ አጠገብ አልጋ ያዝኩ። የአልጋ ቤቱ ዘበኛ ሻንጣዬን ከፈተ፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው።

"ባዶ ነው?"

"ባዶ ነው።"

"ታዲያ ምን ይሠራል?"

"ልጅ ይመጣበታል" አልኩት። ዘበኛው ከዚያ በኋላ አላነጋገረኝም፤ ግን በሄድኩበት ሁሉ በዓይኑ ይከተለኝ ነበር። በእኛ አገር እንግዳን እንዲህ አንመረምርም ልል ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ክረምት እኛም ሰፈር እንዲሁ ስናደርግ እንደነበር ትዝ አለኝ።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተንቀሳቀሰ። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ የእኛው ብርድ ነው፣ ገብሱም የእኛው ገብስ ነው። ከጣርማ በር ዋሻ ወዲያ ግን መንገዱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ኮት ይወልቃል። ከዚያ በኋላ በመንገዱ ዳር የተቃጠሉ መኪኖች ይታያሉ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ በመስኮት ያይ ነበር፤ ኋላ ላይ ማንም አላየም። ሾፌሩ የአምባሰል ዜማ ከፍቶ ነበር፣ በየኬላው ግን ይቀንሰዋል።

በየኬላው እንወርዳለን፣ እንፈተሻለን፣ እንሳፈራለን። በሁሉም ቦታ የዘገየሁት በሻንጣዬ ነው። ሙሉ ሻንጣ የያዘ ሰው ቶሎ ያልፋል፤ ባዶ የያዘ ይጠየቃል። ከሚሴ አካባቢ አንድ ወታደር ሽፋኑን በቢላ ሊሰነጥቀው ሲል አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት "ኸረ በአላህ! ልጁን ሊያመጣ ነው፤ ኸጠዋት ጀምሮ ለሁሉ ሲናገር ሰምቻለሁ" ብለው ጮሁ። ወታደሩ ሳቀና ተወው። ሴትዮዋ ከቋጠሩት ቆሎ አቃመሱኝ። በአሰላ መንገድ ከማያውቁት ሰው ጋር ቆሎ መካፈል እየቀረ ነው፤ እዚህ አልቀረም።

ኮምቦልቻን አልፈን ደሴ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። ደሴ ቁልቁለትና ዳገት ናት። ጉልበቴ ይመሰክራል።

ረቡዕ

ከደሴ በሚኒባስ ሐይቅ ከተማ ደረስኩ። ከአሰላ ሆነን ዝዋይን ስናይ በሩቅ የተዘረጋ ቆርቆሮ ይመስለናል። እዚህ ግን ሐይቁ ደጃፍ ላይ ነው፤ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ዓሣ አስጋሪውን በስሙ ይጠራል።

ዳዊትና ሰይድ ተቀበሉኝ። ልጄ ከስቷል። ሰይድ ቀጭን፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ወጣት ነው፤ ሻንጣዬን ሊሸከም አንስቶ ቀለለውና ግራ ተጋባ። ልጄ ግን ባዶነቱን አይቶ ለምን እንደመጣሁ ገባው።

ምሳ በሰይድ ቤት ሆነ። ባለቤቱ ዘይነባም አረብ አገር የቆየች ናት። ቤታቸው ውስጥ ያለው ጥይት የመታው ፍሪጅ በር የለውም፤ መጭመቂያው፣ ማለትም ኮምፕሬሰሩ፣ ተፈትቶ ወጥቷል። ዘይነባ የተጠበሰ ዓሣ አቀረበች፣ ዳዊትም እጁን ሰደደ።

"ረቡዕ መሆኑን ረሳህ?" አልኩት።

"ዓሣ ነው አባባ።"

"እሱን ነው የምልህ።"

"ኸረ ይተዉት ጋሼ ታደሰ!" አለች ዘይነባ። "ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ዓሣ ማየት ራሱ ጾም ነው። የርስዎን ሽሮ ለብቻው ሠርቻለሁ። ዳዊት 'አባባ ዕቃውንም ያያል' ስላለኝ ብረት ድስቱን ኸክርስቲያን ጎረቤት ነው የተዋስኩት። ይዩት፣ ይመርምሩት!"

ምስጋናዬን ተናግሬ በላሁ። ሽሮው ከቤቴ ሽሮ በርበሬ ይበዛዋል፤ ግን ጥሩ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሥራቸውን አሳዩኝ። ሴል ማለት እንደ እንቁላል ቅርፊት የሚሰበር ስስ ገበታ ነው። በስስ የመዳብ ጥብጣብ አንዱን ከአንዱ ጋር ይበይዱታል። ከላይ መስታወት፣ ከታች ነጭ ላስቲክ፣ በመካከል ደግሞ ሲሞቅ የሚቀልጥ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ያደርጉበታል። የፋብሪካው ማሽን ስለሌላቸው የሚጋግሩት ከተማው ዳቦ ቤት ውስጥ ነው፤ ዳቦው ወጥቶ ምድጃው በረድ ሲል ያስገቡታል። አየሩን የሚመጥጡት በዚያ በተገደለው ፍሪጅ መጭመቂያ ነው። ይህን በማየቴ ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ግን አላሳየሁም።

"ሌባ ካለ የቱ ጋ ነው የሚገባው?" ብዬ ጠየቅሁ።

ዳዊት ፊቱ ቀላ። ሰይድ ግን በእርጋታ "ነገ ውጫሌ መስታወት ልንገዛ ነው ጋሼ። ኸኛ ጋር ይምጡ፤ አንዱን ሌባ አሳይዎታለሁ" አለኝ።

ሐሙስ

ውጫሌ የአምባሰል ወረዳ ከተማ ነው፤ ባጃጅ እንደ ጉንዳን ይርመሰመስበታል። ከመስታወት ቆራጩ ደጃፍ ሰይድ አንድ ሴል ፀሐይ ላይ አኖረ። እኔ ከአሰላ ያመጣሁትን ቴስተሬን አገናኘሁ፤ የሰው ቴስተር አላምንም። ቁጥሩን አየሁ። ሰይድ በሴሉ ላይ መስታወት ሲደርብበት ቁጥሩ ወረደ። መስታወቱን አነሳ፣ ቁጥሩ ተመለሰ። ደግሜ ደጋግሜ አስደረግሁት።

"ጠርዙን ይዩት" አለኝ። የመስታወቱ ጠርዝ እንደ ሐይቁ ውሃ አረንጓዴ ነው። "ገሚሱን ብርሃን ገና ኸደጃፍ ይመልሰዋል፣ ገሚሱን ራሱ ይውጠዋል። የፋብሪካው መስታወት ነጭ ነው፤ እሱም ቢሆን ትንሽ ይወስዳል። ጥብጣቡም ሲሞቅ የራሱን ይወስዳል።"

መስታወት ቆራጩ ሥራውን አቁሞ ያየን ነበር። "አሁን የኔን መስታወት ሌባ ልትሉት ነው?" አለ።

"ነው እንጂ!" አለው ዳዊት። "ግን ሌላ ስለሌለ እሱኑ ስጠን።" ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ነገሩን እያሰብኩ ነበር። መስታወቱ የሚወስደው ይህን ያህል ከሆነ፣ ፓኔሉ ያን ያህል የሚጎድልበት ምክንያት አልነበረም። አሁንም የቀረ ነገር አለ። ልጆቹ የሚያውቁትና የማይነግሩኝ ነገር።

ማታ ዘይነባ በገንዘቧ ዶሮ ገዝታ፣ እንድንበላው ብላ በክርስቲያኑ ጎረቤት አሳርዳ፣ በዚያው በውሰት ድስት ሠርታ አቀረበችልን። እሷና ሰይድ ሳይቀምሱት አጠገባችን ተቀምጠው ሲያጫውቱን አመሹ። በእኛም አገር እስላምና ክርስቲያን ጎን ለጎን እንኖራለን፤ የማይበሉትን ወጥ በዚህ ትጋት ሲሠሩ ግን አላየሁም።

ዓርብ

በባጃጅ ሄደን የቀረውን በእግር ወደ አርዲቦ ወጣን። ሐይቁ በተራሮች መካከል ጸጥ ብሎ ተኝቷል፤ ማሳው ከዳርቻው ከፍ ብሎ ይጀምራል። ችግኙን አየሁት። ሴቶች በጀሪካን እየቀዱ ያጠጡታል፤ ጫፉ ግን ቢጫ ሆኗል። አንዲት ሴት ዳዊትን አይታ "ያ የመስታወት ባለሙያ መጣ!" አለች፤ ሌሎቹ ሳቁ። ሳቃቸው የፍቅር አልነበረም።

የመጀመሪያውን ፓኔል በናፍጣው ፋንታ ካመጡት የኤሌክትሪክ ፓምፕ ጋር አገናኙ። ፓምፑ አጉረመረመ፤ ውሃው በጎማው ውስጥ እስከ ዳገቱ ወገብ ወጥቶ ቆመ፣ ከዚያም ተመለሰ። ልጄ አንገቱን ደፋ። አንድ አባት ልጁን እንዲህ ማየት አይፈልግም፤ ጥፋቱ የልጁ ነው ብሎ ቢያምን እንኳን።

ያልተጋገሩት ሁለቱ ፓኔሎች እዚያው በአንድ ቤት ተቀምጠው ነበር። አስወጥቼ ፀሐይ ላይ አዘርግቼ እያንዳንዱን ሴል ብቻውን ለካሁ። አንዱ ብርቱ፣ ቀጣዩ ደካማ፣ ሦስተኛው ብርቱ። በሁለተኛው ፓኔልም እንዲሁ። እንደ ጥልፍ የተመጠነ ነው። ይህ ሳይታሰብ የሆነ አይደለም። በሰንሰለት የታሰሩ ሴሎች የሚያሳልፉት ደካማው የሚያሳልፈውን ያህል ብቻ ነው፤ ይህን ከዲናሞ መጽሐፍ ባላነበው ኖሮ እንኳ ቴስተሩ ይነግረኝ ነበር።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ መንደሩ በዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ሼህ ይመር ነበሩ፤ ሸበቶ፣ አጭር፣ ዓይናቸው ንቁ የሆነ ሽማግሌ ናቸው።

"ሼህ ይመር፣ ይህን ብርቱና ደካማ ማን ነው እንዲህ የደባለቀው?" አልኩ። ድምፄ ጠንከር ብሎ ነበር። ሰይድን እያየሁ ነበር የተናገርኩት።

"እኛ ነና!" አሉ ሼህ ይመር፣ ፊታቸው በራ። "ሸጋ አድርገን ነው የደባለቅነው! ገንዘቡን የላኩት አረብ አገር ያሉት ሴት ልጆቻችን ናቸው፣ ኸሦስቱም ሰፈር እኩል። ታዲያ ለአንዱ ሰፈር ብርቱ፣ ለአንዱ ደካማ ሊደርሰው ነው? ልጅዎ ለካልን፣ እኛ ምንጣፍ ላይ ሦስት መደብ አደረግነው። ለእያንዳንዱ ኸብርቱውም ኸደካማውም። እንደ ቅርጫ!"

ቅርጫ! ከሻኛው ለሁሉ፣ ከአጥንቱ ለሁሉ። እኛስ በዓል ሲመጣ ሌላ ምን እናደርጋለን? በሬ ላይ ትክክለኛ የሆነው ፍርድ ነው ሦስቱንም ፓኔል ያደከመው።

ሰይድን "አታውቅም ነበር?" አልኩት።

"ፋብሪካ ውስጥ ብርቱን ኸደካማ እንለያለን። ነግሬያቸዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ኸዚህ ሁሉ በኋላ 'ብርቱው ለአንዱ ይሁን' የሚል ሰው እዚህ ማን ይሰማዋል ጋሼ?"

"አንተስ?" አልኩት ልጄን። "በስልክ ለምን አልነገርከኝም?"

"ሽማግሌዎቹን ላንተ ልክሰስ?" አለኝ። "ደግሞ የሚጎድለው ትንሽ መስሎኝ ድምሩን ቃል ገባሁላቸው።"

እዚህ ላይ እውነቱን እጽፋለሁ። ልጄ አልሰረቀም፣ አልዋሸም። ሳይቀንስ ደምሮ ቃል ገብቷል፤ ይህ ጥፋት ነው፣ በሰው ፊትም ነገርኩት። እኔ ደግሞ የጠረጠርኩት ሰው ንጹሕ ነበር፤ ይህንንም በሰው ፊት ተናገርኩ።

ከዚያ የተማርኩትን አስረዳሁ። ሁለቱ ያልተጋገሩ ፓኔሎች ይፈቱ፤ ብርቱው ከብርቱ ለብቻ፣ ደካማው ከደካማ ለብቻ ይታሰር። አንዱ ውሃ ይስባል፤ የቀሩት ለመብራትና ለስልክ ይሆናሉ። "ያም ሆኖ ከድምሩ ያንሳል" አልኩ። "መስታወቱ ይወስዳል፣ ሽቦው ይወስዳል። የሚጎድለውን ማንም ሰው አልወሰደውም።"

ከላይኛው ሰፈር አንድ ሰው ተነሳ። "ስለዚህ አንዱ ሰፈር ውሃ፣ እኛ የስልክ ቻርጅ? ችግኜን ስልክ ላጠጣው?" ጫጫታ ተነሳ። ሴቶቹም ገቡበት። ነገሩ እዚያው የሚፈርስ መሰለኝ፤ ልጄም ከዚህ አገር ተዋርዶ የሚወጣ መሰለኝ።

ሼህ ይመር ጫጫታውን በእጃቸው አበረዱ። "እኛ የቀረጨነው በሬው ሳይታረድ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ፀሐዩን አንቀርጨው። ውሃውን እንቀርጨው። ፓኔሉ የሁላችን፣ ውሃው በዕጣ፣ በተራ። ጎማው ይንቀሳቀሳል፣ ማሳው አይንቀሳቀስም።" የላይኛው ሰፈር ሰውዬ ተቀመጠ። ዱዓ ተደረገ። እኔም በልቤ አሜን አልኩ።

ቅዳሜ

ወደ ሰይድ ቤት የመለስናቸውን ሴሎች መፍታት ከመግጠም ይከፋል። ጥብጣቡን በትኩስ ብረት ስናላቅቅ ብዙዎቹ ተሰበሩ፣ ከተሰበሩትም መካከል ብርቱዎች ነበሩ። ይህም ከድምሩ የሚቀነስ ነው። አንዱ በእኔ ጣት ተሰበረ፤ ዘይነባ "ጋሼም ሌባ ሆኑ!" ብላ አሾፈችብኝ።

ብርቱዎቹን በአንድነት አስረን፣ መስታወቱን ደርቤ ከለካኋቸው በኋላ ወደ ዳቦ ቤቱ ወሰድናቸው። ባለቤቱ ምድጃው እስኪበርድ ስንጠብቅ ክርክራችንን ሰማ። "ሊጥ መዝኜ አስገባለሁ፣ ዳቦ ሆኖ ሲወጣ ይቀልላል" አለ። "እስካሁን ማንም ሌባ ብሎኝ አያውቅም። ያው እናንተ ብትሉኝ ነው።"

ፓኔሉ ወጥቶ እስኪቀዘቅዝ ቆይተን ደጅ አወጣነው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ቴስተሬን አገናኘሁ። መስታወቱ ብቻ ተደርቦ ከለካሁት ይልቅ ጨምሯል! ደግሜ ለካሁ።

"ፕላስቲኩ አየሩን አስወጥቶ ሴሉንና መስታወቱን ስላጣበቀ ብርሃኑ ሳይመለስ ይገባል" አለኝ ዳዊት። "በሴሎቹ መካከል የሚታየው ነጭ ላስቲክ ደግሞ ባዶ ቦታ ላይ የወደቀውን ብርሃን ይመልሰዋል፤ መስታወቱ ከውስጥ አንጸባርቆ ገሚሱን ሴሉ ላይ ይጥለዋል።"

ለልጆቼ መቀነስን ብቻ ነው ያስተማርኩት። በመገጣጠም የሚመለስ ነገር አለ ብሎ የነገረኝ አልነበረም። የሚመለሰው ግን ከሚጎድለው ያንሳል፤ ይህንንም ለክቼዋለሁ፣ ከዚያ በላይ አላስውበውም።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አርዲቦ ወጣን። በቅርጫ ሕግ ዕጣውን የሚጥለው የባለዕጣዎቹን ምልክት የማያውቅ ሰው ነው። እዚያ መንደር እንዲህ ያለ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ፊቴን ወደ ሐይቁ መልሼ ቆምኩ። አንዱ ጠጠር፣ አንዱ እንጨት፣ አንዱ የቅጠል ቁራጭ አስጨበጡኝና ዞሬ ተራውን ለማሳየት መሬት ላይ በተሠመሩት ሦስት መስመሮች ላይ ጣልኳቸው። ቅጠሉ በመጀመሪያው መስመር ላይ ወደቀ። የላይኛው ሰፈር ነበር። ያ የተቃወመው ሰውዬ እጁን አፉ ላይ አደረገ።

የላይኛው ማሳ ከሁሉም ይርቃል፣ ከሁሉም ከፍ ይላል። ዕጣው ለሌላ ሰፈር ቢደርስ ኖሮ ፈተናው ይቀል ነበር። ፓምፑ ተነሳ። ጎማው ተገትሮ ተንቀጠቀጠ። ውሃው የዓርቡን ቦታ አለፈ። ዳዊት ከጎማው ጎን እየሄደ በእጁ ይዳስሰው ነበር፤ "እዚህ ደረሰ! እዚህ!" እያለ ወጣ። ከዳገቱ ጫፍ የሴቶች እልልታ ሲሰማ መድረሱን አወቅን። በብዛት አይፈስም። የናፍጣው ፓምፕ ከዚህ ይበልጥ ነበር፤ ሰዎቹ ራሳቸው ነግረውኛል። ግን አይቋረጥም።

ልጄ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ወረደ። "አባባ፣ ልብሴን ልሰብስብ?" አለኝ። ባዶ ሻንጣዬን ካየበት ቀን ጀምሮ ሲጠብቅ የነበረው ይህን ነው።

"ሁለተኛውን ማን ይጋግረዋል?" አልኩት።

"እኔና ሰይድ።"

"እንግዲያው ምን ልትሰበስብ ነው?"

ሰኞ እና ከዚያ ወዲህ

ሻንጣውን እዚያው ትቼ ተመለስኩ። በአንዱም ኬላ ማንም ምንም አልጠየቀኝም።

ሽንኩርቱ በደረሰ ጊዜ ሻንጣው በአውቶቡስ መጣ። ተገትሮ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር፤ ከላይ ዳዊት "ከሦስቱም ሰፈር" ብሎ ጽፎበታል። ባለቤቴ ወለሉ ላይ ገለበጠችው። ጭብጥ የሚያህል አለ፣ ከነጭ ሽንኩርት የማይበልጥም አለ፤ ሁሉም ተደባልቋል። ትልልቁን ለብቻ ልታወጣ ስትጀምር ያዝኳት።

"ተይው" አልኳት። "ይሄኛው በቅርጫ ይሁን።" ለጎረቤቶቼ በየመደቡ ከትልቁም ከትንሹም አድርጌ ያደረስኩት ስለዚህ ነው። ትንሹ ለምን ገባበት ላላችሁኝ መልሴ ይኸው።